ከክለብ ወደ ሃይስኩል ቡድን፦ 9ኛ ክፍል ለሚገባ ልጅ ምን ይለወጣል?

የልጅ እናት፣ ሜሪላንድ

ሰላም ለቤቱ። ልጄ በዚህ ኦገስት 9ኛ ክፍል ይገባል፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት። ከ8 ዓመቱ ጀምሮ እግር ኳስ በክለብ ይጫወታል። አማካይ ነው፤ ቁመቱ 1.63፣ ክብደቱ 50 ኪሎ። ክለቡ ውስጥ ጥሩ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ «ሃይስኩል ይቀለኛል» ባይ ነው። እኔ ግን የትምህርት ቤቱን ቡድን ሄጄ ሳይ ያየሁት ጢም ያወጡ ጎረምሶች ነው፤ ኳሷም መሬት የምትነካው አልፎ አልፎ ነው።

እስከ ትራይአውቱ (ቡድን ለመግባት እስከሚደረገው ሙከራ) 6 ሳምንት ገደማ አለን። በክለብና በሃይስኩል መካከል በእርግጥ የሚለየው ምንድን ነው? በነዚህ ሳምንታት ምን ቢሠራ ይጠቅመዋል? ቫርሲቲ (ዋናው ቡድን) ገብቶ ቤንች ላይ ከመቀመጥ ጄቪ (ሁለተኛው ቡድን) መጫወት ይሻላል ወይ? ክለቡንስ ጎን ለጎን መቀጠል ይችላል? «ተዪው፣ ራሱ ይልመደው» የሚለውን ምክር ከቤትም ሰምቼዋለሁ። ዝርዝሩን የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው።

ኮች ዲኤምቪ

እህቴ፣ «ይቀለኛል» የምትለዋን ቃል ከወዲሁ አስጥይው። የሃይስኩል ኳስ በቴክኒክ ከጥሩ ክለብ ኳስ ያንሳል፣ እሱ እውነት ነው። ለ14 ዓመት ልጅ ግን አይቀልም። ክለብ ውስጥ የሚገጥመው እኩያውን ነው፤ እዚህ 17 እና 18 ዓመት የሞላው፣ 75 ኪሎ የሚመዝን ተከላካይ ከጀርባው ይመጣበታል። ኳስ አቁሞ ቀና ብሎ ለማየት የነበረችው ጊዜ የለችም።

ከሜዳው ልጀምር፣ ብዙ ወላጅ ልብ አይለውምና። አብዛኛው ትምህርት ቤት የሚጫወተው በአሜሪካን ፉትቦል ስታዲየም ላይ ነው፣ ዙሪያውን መሮጫ መም አለ። የፉትቦሉ ሜዳ ስፋት 53 ያርድ ከትንሽ ነው። የሃይስኩል ደንብ ለእግር ኳስ ከ55 እስከ 80 ያርድ ስፋት ይፈቅዳል፤ መሙ ስለሚገድበው ግን ብዙው ሜዳ ወደ ጠባቡ ያደላል። ሂሳቡን ተመልከቺ፦ ስፋቱ 60 ያርድ በሆነ ሜዳ ከጎን መስመር እስከ ቅርቡ የጎል ቋሚ 26 ያርድ ነው። 75 ያርድ ቢሆን ከ33 ያልፍ ነበር። ስለዚህ አንድ ክንዱ የጠና ልጅ ያለው ቡድን የእጅ ውርወራን ሁሉ እንደ ማዕዘን ምት ይጠቀምበታል። ክለብ ውስጥ «ኳሷ ወጣች» ብሎ ትንፋሹን የሚሰበስብ አማካይ እዚህ ጎል ይቆጠርበታል። ውርወራ በራሳቸው ሜዳ ከሆነ ልጁ ወዲያው ሰው ይያዝ፣ ከዚያ ይተንፍስ።

ሜዳው ላይ የፉትቦልም የላክሮስም መስመር ተደራርቦ ይገኛል። በማሟሟቂያው ሰዓት የእግር ኳሱ መስመር የትኛው ቀለም እንደሆነ ዳር ዳሩን ሄዶ ይየው። የጎን መስመር መስሎት ኳስ የሚያቆም 9ኛ ክፍል በየዓመቱ አይጠፋም።

ቀጥሎ ረጅም ኳስ። ጎረምሶቹ ኳስ ወደ ላይ የሚልኩት አላዋቂ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። በጠባብ ሜዳ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እየተጫወቱ፣ በራስ ጎል አካባቢ ኳስ መቀባበል ያስቀጣል። 50 ኪሎ የሆነ አማካይ ለቴስታ ከ75 ኪሎ ጋር መዝለል ሥራው አይደለም። ሥራው ሁለተኛዋ ኳስ ናት፦ ሁለቱ ከሚዘሉበት ቦታ 5 እስከ 7 ሜትር ራቅ ብሎ፣ በቴስታ የሚመታው ልጅ ፊቱን ባዞረበት በኩል ይቁም። ከእግራቸው ሥር ከቆመ ኳሷ በአናቱ ታልፋለች፤ 15 ሜትር ከራቀ ሌላ ሰው ይቀድመዋል። ይህን የሚያውቅ ትንሽ ልጅ አሰልጣኙ ዓይን ውስጥ ቶሎ ይገባል።

ግፊያውን ደግሞ ቤት ውስጥ ማለማመድ ይቻላል። 3 በ3 ሜትር አራት ማዕዘን አስምሩ፤ ታላቅ ወንድም ወይ የአጎት ልጅ ከጀርባ ይግፋው፣ እሱ ኳሷን 8 ሰከንድ ይያዝ፣ 30 ሰከንድ ያርፍ፤ 6 ጊዜ። ስህተቱ ሁሌ አንድ ነው፦ ልጁ ኳሷ እስክትደርስ ቀጥ ብሎ ይጠብቅና ከዚያ ይገፋል። መሆን ያለበት ኳሷ ከመድረሷ ግማሽ ሰከንድ በፊት ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ ራሱ ቀድሞ መደገፍ ነው። ቀድሞ የተደገፈ ልጅ በቀላሉ አይወድቅም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ክለብ ልጆችን በብዛት ወደሚጥላቸው ነገር ልምጣ፦ የቡድን ጓደኞቻቸው። በክለብ ቡድን 18ቱም ልጆች ተቀራራቢ ናቸው። በትምህርት ቤት ቡድን አንዱ ከልጅነቱ ክለብ የተጫወተ ነው፣ ሌላው የሚሮጥ ግን ኳስ የማያቆም ነው። ያንቺ ልጅ ክፍት ቦታ ላይ በአንድ ንክኪ ይሰጣል፤ ጓደኛው አልሮጠም፤ ኳሷ ጠፋች። ዳር ላይ ለቆመ ሰው ስህተቱ የሰጪው ይመስላል። ሁለት ሦስቴ ሲደገም ልጁ ተስፋ ቆርጦ ራሱ መንዳት፣ አብዶ መሥራት ይጀምራል። ከዚያ «ኳስ አይለቅም» ይባላል፣ ያ ስም ደግሞ ቶሎ አይለቅም።

መፍትሔው ቅብብሉን ለተቀባዩ መመጠን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ልምምዶች የእያንዳንዱን ልጅ ጠንካራ እግር ይለይ። ኳስ ለማቆም ለሚቸገር ልጅ በመሬት፣ ወደ ጠንካራ እግሩ፣ ሰው ጀርባው ላይ ሳይኖር ብቻ ይስጠው። ሰጥቶም አይቁም፤ 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ወጥቶ መመለሻ ይሁነው። ጓደኛው ሲሳሳት ደግሞ እጁን ወደ ሰማይ አይወርውር! አሰልጣኝ በትራይአውት ላይ ኳስ ከሌለው ልጅ ፊት ብዙ ነገር ያነባል።

ስለ ትራይአውቱ። በሜሪላንድ የበልግ (ፎል) ስፖርት ልምምድ የሚጀመረው በኦገስት አጋማሽ ነው። የሐኪም ምርመራ ፎርሙና የኦንላይን ምዝገባው ሳያልቅ ልጁ ሜዳ አይገባም፣ ልመናም አይሠራም። የልጆች ሐኪም በኦገስት ቀጠሮ ስለማይገኝለት ዛሬ ደውዪ። 60 ልጅ በሦስት ቀን የሚያይ አሰልጣኝ ለአንዱ ልጅ የሚሰጠው ደቂቃ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ቦታ ሲጠየቅ «የትም» አይበል፣ «የትም» ያለ ልጅ የትም አይመደብም። ሁለት ቦታ ይጥራ፤ ለምሳሌ «መሐል አማካይ፣ ካስፈለገ ቀኝ መስመር ተከላካይ»።

ሩጫውም አለ። አሰልጣኞች ከሚያዘወትሩት አንዱ 2 ማይልን በ12 ደቂቃ ነው። በ400 ሜትር መም 8 ዙር፣ ዙሩ 90 ሰከንድ። የሚወድቁት ልጆች አብዛኞቹ የሚወድቁት የመጀመሪያውን ዙር በ75 ሰከንድ ስለሚሮጡ ነው።

የስድስቱ ሳምንት አከፋፈል እንዲህ ቢሆን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን 25 እስከ 30 ደቂቃ እያወራ ሊሮጠው የሚችል ሩጫ። በ3ኛውና በ4ኛው በሳምንት ሁለት ቀን 4 ጊዜ 4 ደቂቃ ጠንከር ያለ ሩጫ፣ በመሐሉ 3 ደቂቃ እርምጃ። በ5ኛው 30 ሜትር ሙሉ ፍጥነት 6 ጊዜ፣ በየመሐሉ 25 ሰከንድ፤ 4 ደቂቃ አርፎ አንድ ጊዜ ይድገመው። በ6ኛው ሳምንት ሁሉንም በግማሽ ቀንሱ። ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ትራይአውቱ በሚሆንበት ሰዓት ይሩጥ፤ ምሽት ምሽት ብቻ የሮጠ ልጅ ረፋድ 10 ሰዓት ላይ (በፈረንጅ አቆጣጠር) በተርፍ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ሣር፣ ሙቀት ይፈታል። ከጁላይ 4ቱ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ሰንበት ብሎ የሚመለስ ቤተሰብ ካላችሁ ሰዓቱ ከዚያው ቀን ይቆጠራል፤ ሁለት ሳምንት ጥሬ ሥጋና ዘመድ ጥየቃ ከተጨመረበት የቀረው አራት ሳምንት ነው።

ጋሼ ፊሽካ

ኮቹ ሜዳውን ጨርሶታል። እኔ ደንቡን ልጨምር። ልጆቹ የሚገረሙበት ደንቡ ስለሚለይ ነው፤ ክለብ የሚጫወተው ከዓለም አቀፉ ሕግ ጋር በተቀራረበ ደንብ ነው፣ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ኤንኤፍኤችኤስ የሚባለው የሃይስኩል ማኅበራት ፌዴሬሽን ያወጣውን ይከተላሉ፤ ክልሎች ትንሽ ትንሽ ያሻሽሉታል።

ጨዋታው ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ወደ ታች ይቆጥራል፣ ብዙ ጊዜ በስታዲየሙ ሰሌዳ ላይ ይታያል። ጎል ሲገባ፣ ካርድ ሲወጣ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ፣ ዳኛው ለጉዳት ሲያስቆም ሰዓቱ ይቆማል። ስለዚህ ጭማሪ ደቂቃ የሚባል ነገር የለም። ጡሩንባው ሲነፋ አለቀ፤ ኳሷ ከጡሩንባው በፊት መስመሩን ሙሉ በሙሉ ካላለፈች ጎል የለም፣ በአየር ላይ ብትሆንም። «ዳኛው ማጥቃቱን ያስጨርሰናል» የሚለው የክለብ ልማድ እዚህ አይሠራም። 6 ሰከንድ ብቻ ሲቀር ኳስ የሚያስተካክል ልጅ ቀና ብሎ ሰሌዳውን ይይ።

ቅያሪ ገደብ የለውም፣ የወጣም ይመለሳል። በአንዳንድ የክለብ ሊጎች በአንድ አጋማሽ የወጣ ልጅ በዚያው አጋማሽ አይገባም፤ ልጆች ጉልበታቸውን ለ80 ደቂቃ ቆጥበው የሚጫወቱት ለዚህ ነው። በሃይስኩል ግን ተጋጣሚው ሦስት አጥቂ በየ12 ደቂቃው እየቀያየረ ሙሉ ፍጥነት ሊጫን ይችላል። ቆጥቦ የሚጫወት ልጅ ሰነፍ መስሎ ይታያል። አሰልጣኙ በ15 ደቂቃ ካስወጣው ቅጣት አይደለም፤ ተራ ነው። ተቀያሪው ኳሷ ከመውጣቷ በፊት የመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ጋ ቀርቦ ስሙን ማስመዝገብ አለበት። ውርወራው ከተሰጠ በኋላ ማልያውን እያወለቀ የሚሮጥ ልጅ ይመለሳል፣ ቡድኑም ለሚቀጥለው ማቆሚያ ይጠብቃል።

ቢጫ ካርድ ያየ ልጅ ከሜዳ ይወጣል፤ ይህ ክለብ ውስጥ የለም። ቡድኑ ሌላ ሰው ሊያስገባ ይችላል፣ እሱ ግን የሚመለሰው በሚቀጥለው የቅያሪ ዕድል ነው። በዳኛ ላይ የተናገራት አንዲት ቃል ቦታውን ለሌላ ልጅ ትሰጣለች ማለት ነው።

በጄቪ ጨዋታዎች ደግሞ ሁለት ዳኞች ብቻ፣ ሁለቱም ፊሽካ ይዘው፣ የመስመር ዳኛ ሳይኖር ሊያጫውቱ ይችላሉ። ከጨዋታ ውጪ የሚለካው በዓይን ግምት ከሩቅ ነው። እጁን አንሥቶ የሚቆም ተከላካይ ጎል ሲገባበት ያየዋል። ፊሽካ እስኪሰማ ይሩጥ።

ዕቃ። ሺን ጋርዱ (የቅልጥም መከላከያው) የኖክሴ፣ ማለትም የስፖርት መከላከያ ዕቃ መስፈርት የሚያወጣው አካል፣ ማኅተምና የቁመት ልክ የተጻፈበት መሆን አለበት፣ የታችኛው ጠርዙም ከቁርጭምጭሚት በላይ ከ2 ኢንች መብለጥ የለበትም። ልጆች አሁን የሚያደርጓት የክብሪት ሳጥን የምታክል ነገር አታልፍም። ባለሜዳው ቡድን ነጭ ማልያና ነጭ ካልሲ፣ እንግዳው ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለም ያደርጋል፤ ሁለቱንም ካልሲ ቦርሳው ውስጥ ይያዝ።

ፊዚዮ፣ ሲያትል

እዚህ ዋሽንግተን ስቴት በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ወንዶች የሚጫወቱት በጸደይ (ስፕሪንግ)፣ ሴቶች በበልግ ነው፤ ስለ ወቅቱ የናንተን ተከተሉ። ሰውነቱ ግን አንድ ነው።

ልጅን የሚጎዳው አንዱ ከባድ ጨዋታ ሳይሆን የሳምንቱ ድምር ነው። ማክሰኞ ጨዋታ፣ ሐሙስ ጨዋታ፣ ቅዳሜ ክለብ ከተጨመረ 240 ደቂቃ ነው፣ በመሐሉ ያለው ልምምድ ሳይቆጠር። ሁለቱን የትምህርት ቤት ጨዋታዎች ሙሉ የተጫወተ ልጅ ቅዳሜ ቢያርፍ ይመረጣል፤ የግድ ካለ አንድ አጋማሽ ይበቃዋል። ለመለኪያ የሚያገለግል ቀላል ነገር አለ፦ በሳምንት የስፖርት ሰዓቱ ከዕድሜው ቁጥር አይብለጥ። ለ14 ዓመት ልጅ 14 ሰዓት፣ ጂሙም ተቆጥሮ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ምንም አይሥራ።

በዚህ ዕድሜ አጥንቱ ገና እያደገ ነው። ከጉልበት ቆብ ዝቅ ብሎ ያለችው እብጠት ሲነኳት ካመመችው፣ ወይም ጠዋት ሲነሣ ተረከዙን ካመመው፣ ጅማቱ የእድገት ቦታውን እየሳበው ነው። ይህ ኳስ ያስቆማል ማለት አይደለም፤ ከጨዋታ በኋላ ብቻ ካመመው መጠኑን ቀንሱ፣ እየተጫወተ ካነከሰ ግን የዚያን ቀን ያቁም። ማንከስ ድንበሩ ነው። ማስታገሻ ውጦ መጫወት ምልክቱን ያጠፋል፣ ጉዳቱን አያጠፋም።

ማሟሟቂያ ከፈለጋችሁ ፊፋ 11+ የሚባለውን ያውርድ፤ ነፃ ነው። 15 እንቅስቃሴ፣ 20 ደቂቃ፦ 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጉልበት፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። መሐለኛው 10 ደቂቃ ነው መድኃኒቱ፤ ልጆች የሚዘሉት ደግሞ እሱኑ ነው። ተንበርክኮ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት ቀስ እያለ ወደ ፊት የሚወድቅበትን ሥራ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይጀምር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 7 ያድርሰው። በመጀመሪያው ቀን 15 ከሠራ በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፣ በትራይአውት ሳምንት እንዳትጀምሩት።

ጫማ ላይ አትሳሳቱ። ተርፍ ላይ የሣር ታኬታ፣ በተለይ ጥርሱ ስለታም የሆነው፣ ይነክስና እግሩ ሲዞር ጉልበቱ አብሮ አይዞርም። ክብና አጠር ያሉ ብዙ ጥርሶች ያሉት የተርፍ ታኬታ ይግዛ፤ አዲሱን ለትራይአውት ቀን አታስቀምጡት፣ ቢያንስ 4 ልምምድ ይልመደው።

ጭንቅላቱን ከተመታ፦ በሁሉም ክልሎች ሕግ አለ፣ የመጀመሪያው የወጣውም እዚህ ዋሽንግተን በ2009 ነው። አንጎሉ ተናውጧል ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ በዚያው ቀን አይመለስም፣ ለመመለስ የሐኪም ጽሑፍ ያስፈልገዋል። አመላለሱም በደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት ስለሚወስድ አንድ ሳምንት ገደማ ይሄዳል። «ደህና ነኝ» ማለቱን አትመኑት፣ ቦታውን እንዳያጣ ነው።

እንቅልፍ። የሞንትጎመሪ ሃይስኩሎች ትምህርት የሚጀምሩት 7:45 ነው። 6:15 የሚነሣ ልጅ 8 ሰዓት ለመተኛት 10:15 ላይ መብራት ማጥፋት አለበት፣ ስልኩ ሌላ ክፍል።

የአሌክሳንድሪያ አባት

ሁለት ነገር ልጨምር፣ አንዱ ስለ ክለብ፣ አንዱ ስለ ጾም።

ቨርጂኒያ ውስጥ የሃይስኩል ኳስ በጸደይ ነው፣ ሜሪላንድና ዲሲ በበልግ። አንድ ክለብ ውስጥ የሁለቱም ልጆች ይኖራሉ። በበልግ የሜሪላንዶቹ ሲጎድሉ ቡድኑ በቨርጂኒያ ልጆች ይጫወታል፣ በጸደይ ይገለበጣል። ክለቡ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ፣ ክፍያውስ ይቀነስ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ልጁ ኤምኤልኤስ ኔክስት በሚባለው የወጣቶች ሊግ የላይኛው እርከን ላይ ከሆነ ትምህርት ቤት መጫወት አይፈቀድለትም፤ ሌላው የክለብ ሊግ ኢሲኤንኤል ግን ይፈቅዳል። ስለ ኮሌጅ ለሚያስቡ ደግሞ፦ የኮሌጅ አሰልጣኞች በብዛት የሚመለከቱት የክለብ ውድድሮችን ነው፣ በከፍተኛው የኮሌጅ እርከን ላሉት ደግሞ ለወጣቱ በቀጥታ መጻፍ የሚፈቀድላቸው ከ10ኛ ክፍል በኋላ ባለው ጁን 15 ነው። 9ኛ ክፍል ላይ በዚህ ምክንያት የሃይስኩልን ቡድን መተው ችኮላ ነው።

ጾሙ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በፈረንጁ ከኦገስት 7 እስከ 21። የሜሪላንድ ትራይአውት መሐሉ ላይ ይወድቃል። ሥጋና ወተት መተው ኳስ አያስቆምም፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ኦቾሎኒ በበቂ ከበላ ይበቃዋል። ችግሩ እስከ ከሰዓት ምንም ሳይቀምስ፣ ውኃም ሳይጠጣ ረፋድ ላይ በ32 ዲግሪ ተርፍ ላይ መሮጡ ነው። ልጁ እንዲህ የሚጾም ከሆነ ከንስሐ አባቱ ጋር ከትራይአውቱ ሳምንት በፊት ይነጋገር፣ የሜዳው ዳር ላይ አይደለም የሚወሰነው። ኮቹም ይወቀው። በኛ በቨርጂኒያ በኩል 55 ቀኑ ዐቢይ ጾም በአብዛኛው ከጸደዩ ወቅት ጋር ይገጣጠማል። የሙስሊም ልጆችም በ2026 ረመዳን ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በኋላ ስለገባ ከቨርጂኒያ ትራይአውት ጋር ገጥሞባቸዋል፤ አሰልጣኙን ቀድሞ ማናገር እዚያም ያው ነው።

በጨዋታ ቀን፦ ዋናው ምግብ ከ3 እስከ 4 ሰዓት በፊት። እንጀራ በሽሮ ይሆናል፣ በርበሬው ሳይበዛ። ችግሩ ትምህርት ቤት ምሳ ረፋድ 11 ላይ ይበላና ጨዋታው ምሽት 7 ላይ መሆኑ ነው፤ ልጁ ሜዳ የሚገባው ርቦት ነው። ቦርሳው ውስጥ ዳቦ በማር፣ ሁለት ሙዝ፣ እና ለ400 ሚሊ ሊትር ውኃ 3 የሾርባ ማንኪያ በሶ ከትንሽ ስኳርና ከጨው ቁንጥር ጋር ይያዝ። በሶውን ግን በልምምድ ቀን ቀድሞ ይሞክረው፣ ለሁሉም ሆድ አይስማማም። ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዘን፤ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.5 ሊትር ያህል ቀስ እያለ ይጠጣ።

ሚኒሶታ ጎል

አባቱ ስለ ክለብ ያለው ለዲኤምቪ (ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ) ነው። እኛ ጋ በወቅቱ ውስጥ ከትምህርት ቤት ቡድን ውጪ በዚያው ስፖርት መወዳደር ክልክል ነው፤ ካሊፎርኒያም እንዲሁ። አንድ ቅዳሜ «ሰው ጎደለን» ተብሎ ለክለቡ የገባ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ቡድን ሊታገድ፣ ቡድኑም ነጥብ ሊያጣ ይችላል። ክለቡ ይህን አይነግራችሁም፣ የትምህርት ቤቱን የስፖርት ኃላፊ ጠይቁ።

በጄቪ ነገር ደግሞ ሰው ሁሉ «ደቂቃ ይሻላል» ይላል። እኔ በግማሽ ነው የምስማማው። አማካይና ተከላካይ የሚማሩት በመጫወት ስለሆነ ጄቪ 70 ደቂቃ ከቫርሲቲ 5 ደቂቃ ይበልጣል። በረኛ ግን ይለያል፤ ጄቪ ላይ በጨዋታ ሁለት ኳስ ከሚያድን በየቀኑ የ12ኛ ክፍል ልጆች ሲመቱበት ቢውል ይሻለዋል። መሐለኛ መንገድም አለ፦ ከቫርሲቲ ጋር ልምምድ፣ ከጄቪ ጋር ጨዋታ። አሰልጣኙን መጠየቅ ያለበት ልጁ ራሱ ነው፣ ከልምምድ በኋላ፣ «ምን ላሻሽል» ብሎ። ወላጅ ከጨዋታ በኋላ መኪና ማቆሚያ ላይ ስለ ደቂቃ ከጠየቀ መልሱ አስቀድሞ ታውቋል።

ኮች ዲኤምቪ

በበረኛው አልስማማም፣ አንድ ሙሉ ዓመት ጨዋታ ያላየ በረኛ የመውጣት ሰዓቱን ያጣል። ልምምድ ላይ የሚመቱበት ኳሶች ከየት እንደሚመጡ ያውቃል፤ ጨዋታ ላይ የሚከብደው በተሰበሰበ ሰው መሐል ለእጅ ውርወራው መውጣት ነው። ሌላውን ግን እቀበላለሁ። የልጅ እናት፣ ለሞንትጎመሪ አንድ የረሳሁት፦ የውጤት ደንብ አለ። ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) 2.0 እና ከዚያ በላይ፣ «ኢ» (የወደቀበት ትምህርት) ደግሞ ከአንድ ያልበለጠ። አዲስ ገቢ 9ኛ ክፍል ለበልጉ በቀጥታ ብቁ ነው፤ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ካርድ ሲወጣ ግን እሱንም ይመለከተዋል።

የልጅ እናት፣ ሜሪላንድ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለሐኪም ደወልኩ፣ ለጁላይ 22 ቀጠሮ ሰጥተውናል። ጋሼ፣ አንድ ቀረችኝ፦ ማተብ አለው፣ ትንሽ የእንጨት መስቀል ያለበት። ክለቡ ውስጥ አንዳንዱ ዳኛ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ አውልቅ ይላል። እሱ አያወልቅም።

ጋሼ ፊሽካ

ማውለቅ የለበትም። በሃይስኩል ደንብ ጌጥ ክልክል ነው፤ የሃይማኖት ምልክት ግን እንደ ጌጥ አይቆጠርም። የሚጠየቀው በፕላስተር ከሰውነቱ ጋር እንዲጣበቅና ከማልያው ሥር እንዲሆን ነው። ክሩ ረዥም ከሆነ አሳጥሪው፤ መስቀሉ ከአንገት አጥንቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደረቱ ላይ ይረፍ። ላብ ሳይጀምረው፣ ቆዳው ደረቅ ሳለ፣ ሁለት ቁራጭ የስፖርት ፕላስተር በመስቀለኛ ይለጠፍበት፤ ከማሟሟቂያው በኋላ የተለጠፈ በ20 ደቂቃ ይላቀቃል። ክሩን ከአንገቱ ጀርባም በአንድ ቁራጭ ያዢው፣ ማልያ ሲጎተት የሚይዘው እዚያ ጋ ነው። ጥቅል ፕላስተር ቦርሳው ውስጥ ይኑር። ዳኛው ዕቃ ሲፈትሽ ልጁ ራሱ ቀድሞ «የሃይማኖት ነው፣ ተለጥፏል» ብሎ ያሳየው።